«ማንጻት»ን እስከ ሥሩ ተከትሎ የማግኛ መንገድ

ስለ እድፍ፣ ስለ ብክለትና ስለ ርኵሰት መወገድ በአማርኛ ሲነገር አንድ ግሥ ብቻውን ሁሉን አይሸፍንም። ቤት ይጸዳል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ የደፈረሰ ውሃ ይጣራል፣ ተህዋሲያን እንዲመክኑ ይደረጋል፣ ለምጽ የወጣበት ሰው ደግሞ በመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር ይነጻል። ከእነዚህ ሁሉ ረዥሙን መንገድ የተጓዘው የመጨረሻው ነው፤ ስለ ሰውነት ንጽሕና፣ ስለ ኅሊና፣ ስለ ፍርድ ቤት ውሳኔና ስለ አገር ነጻነት የምንናገርባቸው ቃላት ሁሉ ከእርሱ ሥር ወጥተዋልና። ይህ መመሪያ «ማንጻት» የሚለውን ቃል ይዞ፣ የአንድን የአማርኛ ቃል ትርጉምና ምንጭ በግምት ሳይሆን በማስረጃ መከታተል የሚቻልበትን መንገድ ያሳያል። በተለይ የታሰበው ለተርጓሚዎች፣ ለአርታዒዎችና ለቋንቋ ተማሪዎች ነው። ግዕዝ መማርን አስቀድሞ አይጠይቅም፤ ፊደል ለይቶ ማንበብና ትዕግሥት ይበቃሉ።

አጠቃቀሙን አስቀድሞ መሰብሰብ

የቃል ምንጭ የሚፈልግ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ወደ መዝገበ ቃላት ይሮጣል። ይህ መንገድ ጊዜ የሚቆጥብ ቢመስልም፣ ፈላጊው ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ መልስ እንዲቀበል ያደርገዋል። ስለዚህ መዝገበ ቃላቱ ከመከፈቱ በፊት ቃሉ ከማን ጋር እንደሚውል፣ ከማንስ ጋር እንደማይውል በወረቀት ላይ ይጻፉ። «ቤቱን አጸዳሁት» የሚል ሞልቷል፤ «ቤቱን አነጻሁት» የሚል ግን አይገኝም፤ ከተገኘም ቤቱ ጸበል ተረጭቶበታል ማለት ነው። «ከኃጢአት መንጻት»፣ «ከለምጽ መንጻት»፣ «ራሱን ከሐሜት ለማንጻት ሞከረ» የሚሉት ደግሞ ለጆሮ የሚስማሙ ናቸው። ከዚህ ዝርዝር ብቻ አንድ ነገር ይገለጣል፦ የሚነጻው ነገር የሚላቀቀው በእጅ ከሚዳሰስ አቧራ ሳይሆን ሰውየውን ከሰው ከሚያርቀው ነውር፣ ደዌ ወይም በደል ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ተቃራኒውን መጠየቅ ይረዳል። የማጽዳት ተቃራኒ ማቆሸሽ ነው፤ የማንጻት ተቃራኒ ግን ማርከስ ነው። «ረከሰ» የመጣው ከግዕዙ «ረኵሰ» ሲሆን እርሱም ያልነጻ፣ የተጠላ፣ የማይቀረብ መሆንን ይገልጻል። በአማርኛ ግን የገበያ ሰው ሽንኩርት ረከሰ ሲል ስለ ዋጋ እንጂ ስለ ነውር አይናገርም። ጥንድ የሆኑት ሁለቱ ቃላት በየፊናቸው ሩቅ መሄዳቸውን ማስተዋል ኋላ ይጠቅማል። «ብክለት» የሚለው ቃል በዚህ ጥንድ ውስጥ ቦታ የለውም፤ ዛሬ በብዛት የምናገኘው በሕግና በሳይንስ ቋንቋ ነው፤ ለምሳሌ በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995። ብክለት በመጣበት ጽሑፍ ውስጥ ማንጻት መግባቱ ተገቢ መሆን አለመሆኑን መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የፊደል ጉዳይ

ቀጥሎ የሚመጣው አሰልቺ የሚመስል፣ ግን ቢዘለል ፍለጋውን ሁሉ የሚያበላሽ ሥራ ነው። በአማርኛ አነባበብ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ እንዲሁ። በመሆኑም «ንጽሕና» የሚለውን አንዱን ቃል ሰዎች «ንጽህና»፣ «ንጽሕና»፣ «ንጽኅና»፣ «ንፅህና»፣ «ንፅሕና» እና «ንፅኅና» እያሉ በ6 መንገድ ሊጽፉት ይችላሉ። የኮምፒዩተር ፍለጋ እነዚህን እንደ 6 የተለያዩ ቃላት ነው የሚያያቸው። አንዱን ብቻ ጽፎ የፈለገ ሰው የቀረውን ማስረጃ አያገኝም፤ ስለዚህ ሁሉንም አንድ በአንድ ይፈልጓቸው።

ለፍለጋ ሁሉም ይጠቅማሉ፤ ለምንጭ ጥናት ግን ትክክለኛው አንድ ብቻ ነው። ግዕዝ ጸና ፀን፣ ሐና ሀን የተለያዩ ድምፆች አድርጎ ይለያቸው ስለነበር፣ ሥሩ በየትኛው ፊደል እንደተጻፈ ማወቅ ግድ ይላል። የያዝነው ሥር በጸሎቱ ጸ እና በሐመሩ ሐ የሚጻፍ ነው፦ ነጽሐ። ጋዜጦችና የመሥሪያ ቤት ደብዳቤዎች «ነፃ»ን በፀሐዩ ፀ ማዘውተራቸው የቆየ ልማድ ነው፤ ልማዱን ለመንቀፍ ምክንያት የለኝም፤ ነገር ግን በፀሐዩ ፀ መዝገበ ቃላት ውስጥ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከቃሉ ላይ ጭማሪውን ማንሳት

«ማንጻት» በመዝገበ ቃላት ውስጥ በ«ማ» ሥር አይገኝም። ቅጥያዎቹን አንድ በአንድ ማንሳት ያስፈልጋል። መነሻው «ማ» የሁለት ነገር ቅልቅል ነው፦ የንዑስ አንቀጹ «መ» እና የአድራጊው «አ»። «መብላት» ለራስ ነው፤ «ማብላት» ለሌላ ነው፤ «መንጻት»ና «ማንጻት»ም በዚሁ ልክ ይለያያሉ። ስለዚህ ማንጻት ሌላውን እንዲነጻ ማድረግ ነው፤ ግሡም «አነጻ»፣ ከእርሱ በታች ደግሞ «ነጻ» ነው።

መጨረሻ ላይ ያለችው «ት» ከሁሉ በላይ የምትነግር ናት። «መስበር»፣ «መንገር»፣ «ማምከን» በት አይጨርሱም፤ «መብላት»፣ «መስማት»፣ «መምጣት»፣ «መፍራት» ግን በት ይጨርሳሉ። ልዩነቱ ሁለተኞቹ በግዕዝ የነበራቸውን ሦስተኛ ፊደል በአማርኛ ማጣታቸው ነው፤ በልዐ በላ፣ ሰምዐ ሰማ፣ መጽአ መጣ፣ ፈርሀ ፈራ ሆኗል። ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች ጠፍተው በቦታቸው «አ» የሚል አናባቢ ብቻ ቀርቷል፤ ንዑስ አንቀጹም ጉድለቱን በት ይደግፈዋል። እንግዲህ «ማንጻት»ን የሚያይ ሰው፣ መዝገበ ቃላት ሳይከፍት፣ ከጸ በኋላ አንድ የጠፋ የጉሮሮ ፊደል እንደነበረ ሊገምት ይችላል። ያ ፊደል «ንጹሕ» እና «ንጽሕና» በሚሉት ስሞች ውስጥ እስከ ዛሬ ተቀምጧል፤ ሐመሩ ሐ ነው።

መዝገበ ቃላቱን መክፈት

አሁን ሥሩ በእጅ ስለሆነ መዝገበ ቃላት መክፈት ይቻላል። ለግዕዙ ዋነኛው የአገራችን መጽሐፍ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ነው፤ መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን አለቃ ኪዳነ ወልድ ቀጥለውት፣ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. ታትሟል። ደስታ ተክለ ወልድ ራሳቸው ያዘጋጁት የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ወጥቷል። እነዚህን ሁለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ግራ የሚጋባበት ነገር ተራቸው ነው፤ ፊደሉን በሀ ለ ሐ መ ሳይሆን በአ በ ገ ደ ነው የደረደሩት። በሀ ለ ሐ መ ተራ ነ የሚገኘው ከተ እና ከኀ ቀጥሎ ነው፤ በአ በ ገ ደ ግን ከ፣ ለ፣ መ፣ ነ ተከታትለው ይመጣሉ። ስለዚህ «ነጽሐ»ን ለማግኘት መን አልፎ መሄድ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ቃሉ የለም ብሎ መጽሐፉን ሊዘጋ ይችላል። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1951 ዓ.ም. የታተመው፣ የለመድነውን የሀ ለ ሐ መ ተራ ይከተላል።

ከውጭ አገር ሰዎች ሥራ ሁለቱ ሊታለፉ አይገባም፦ አውጉስት ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት፣ እንዲሁም ቮልፍ ሌስላው በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው የግዕዝ ንጽጽራዊ መዝገበ ቃላት። የዲልማን ጥቅም ቃሉ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገኝ መጥቀሱ ነው፤ የሌስላው ደግሞ የእህት ቋንቋዎችን ዘመዶች ጎን ለጎን ማስቀመጡ ነው። የመጀመሪያው ላቲን፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ ይጠይቃል። አንዱን ብቻ የመምረጥ ዕድል ያለው ሰው ከኪዳነ ወልድ ቢጀምር ይሻለዋል ባይ ነኝ፤ የአገሩን ሊቃውንት የአተረጓጐም ልማድ ከሌላ ቦታ አያገኘውምና።

ሲያነቡ ትርጉሙን ብቻ አይውሰዱ። ግሡ እንዴት እንደሚረባ (ነጽሐ፣ ይነጽሕ፣ ይንጻሕ)፣ አድራጊው «አንጽሐ» መሆኑን፣ ቅጽሉ «ንጹሕ»፣ ስሙ «ንጽሕ» እና «ንጽሕና» መሆኑን ይመዝግቡ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታ ለምጻሙን በግዕዝ «ንጻሕ»፣ በአማርኛ «ንጻ» ያለው ይኸው ግሥ በትእዛዝ አንቀጽ ነው።

የድምፅ ሕጉ፣ እና በአንድ መዝሙር ውስጥ ያለው ማስረጃ

እስካሁን የተደረገው «ነጻ» ከ«ነጽሐ» መምጣቱን ያሳያል። ጠንቃቃ አንባቢ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ማንሳት አለበት። ግዕዝና አማርኛ በሚጋሯቸው የዕለት ተዕለት ቃላት፣ በግዕዝ ጸ ወይም ፀ የሆነው በአማርኛ ጠ ነው። መጽአ መጣ፣ ወፅአ ወጣ፣ ኀፀበ አጠበ፣ ጽሕም ጢም ነው። የሚያምረው ምሳሌ «ጸብሐ» ነው፤ በግዕዝ ነጋ ማለት ሲሆን ጽባሕም ከእርሱ የወጣ ነው። በአማርኛ «ጠባ» ሆኖ «ነጋ ጠባ» እና «መስከረም ሲጠባ» በሚሉት አነጋገሮች ውስጥ ይኖራል። የመጀመሪያው ፊደል ከጸ ወደ ጠ ተለውጧል፤ የመጨረሻው ሐ ጠፍቷል። ይህ ሕግ ሳይዛነፍ ቢሠራ «ነጽሐ» በአማርኛ መሆን የነበረበት «ነጻ» ሳይሆን «ነጣ» ነው።

«ነጣ» ደግሞ አለ፤ ነጭ ሆነ ማለት ነው። «ነጭ» ከ«ነጣ» የሚወጣው ወጪ ከወጣ፣ መጪ ከመጣ በሚወጣበት መንገድ ነው። በድምፅ በኩል «ነጣ»ን ከ«ነጽሐ» ጋር ለማገናኘት የሚያግድ ነገር የለም፤ በትርጉም በኩልም ንጹሕ የሆነ ነገር ነጭ ነው ማለት ለማንም አይከብድም። እኔ «ነጣ»ንና «ነጻ»ን የአንድ ሥር ሁለት ልጆች አድርጌ ነው የምይዛቸው፦ ታላቁ በሕዝቡ አፍ ከጥንት ጀምሮ ሲለዋወጥ የኖረው ሲሆን፣ ታናሹ ግዕዝ የቤተ ክርስቲያንና የጽሕፈት ቋንቋ ሆኖ በቆየበት ዘመን ከመጽሐፍ ተወስዶ ጸን እንደያዘ የገባው ነው። በገጠር አነጋገር «ንጡህ ውሃ»፣ «ንጡህ ልብስ» ሲባል መሰማቱ ሕዝቡ ይህን የመጽሐፍ ቃል እንኳ ወደ ራሱ ድምፅ ለመመለስ እንደማይተኛ ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ማስረጃ መዝገበ ቃላት ሳይሆን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ጸሎት ነው። መዝሙረ ዳዊት 50ኛው (በሌላው ቁጥር 51ኛው) ላይ ዳዊት በአዛብ እንዲረጭ፣ እንዲታጠብም ይለምናል። በግዕዙ ቁጥር ውስጥ ሦስት ግሦች ተከታትለው ይመጣሉ፦ «እነጽሕ»፣ «ተኀፅበኒ»፣ «እጸዐዱ»። የመጀመሪያው የያዝነው ሥር ነው። ሁለተኛው «አጠበ» ነው። ሦስተኛው «ጸዐደወ» ሲሆን ትርጉሙ ነጭ ሆነ ነው፤ «ጸዐዳ» የሚለው ቅጽል ከእርሱ ነው፤ በአማርኛም ጸአዳ ልብስ እንላለን፤ በትግርኛ ጻዕዳ ማለት እስከ ዛሬ ነጭ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ሦስተኛውን «ነጭ እሆናለሁ» ብሎ ተርጕሞታል፤ ትክክልም ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን ያኑሯቸው። በግዕዝ ነጭነትን የሚናገረው «ጸዐደወ» በአማርኛ «ጸዳ» ሆኖ ንጽሕናን የሚናገር ሆነ (መካከለኛው ዐይኑ ዐ ጠፍቷል፤ በአንዳንድ አፍ «ጠዳ ያለ ቤት» መባሉም የዚያው የድምፅ ሕግ ሥራ ነው)። በግዕዝ ንጽሕናን የሚናገረው «ነጽሐ» በአማርኛ «ነጣ» ሆኖ ነጭነትን የሚናገር ሆነ። ሁለቱ ሥሮች በመንገድ ላይ ተላልፈው አንዱ የሌላውን ወንበር ይዟል። በዚህ ምክንያት ነው ንጽሕና ሲባል ነጭ ልብስ፣ ነጭ ልብስ ሲባል ንጽሕና ወደ አሳባችን የሚመጣው ለማለት ግን አልደፍርም፤ አስቀድሞ ሁለቱ አሳቦች ጎረቤት ስለነበሩ ነው ቃላቱ ቤት ሊለዋወጡ የቻሉት።

የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ

በፍለጋው መካከል መልካቸው የሚቀራረብ ቃላት ይመጣሉ። ሁለቱ በተለይ አሳሳች ናቸው።

የመጀመሪያው «አነጸ» ነው። «አነጻ» እና «አነጸ» በአንድ አናባቢ ብቻ ስለሚለያዩ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው ያምታታቸዋል፤ ትርጉማቸውም በስብከት ቋንቋ ውስጥ ይጠጋጋል፤ ምእመናንን የሚያንጽ ስብከት አለ፤ ምእመናንን የሚያነጻ ንስሐም አለ። ሥራቸው ግን ለየብቻ ነው። «አነጸ» የመጣው «ሐነጸ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ ሲሆን ትርጉሙ ሠራ፣ ገነባ ነው፤ «ሕንጻ»ም የዚያው ቤተሰብ ነው። እዚህ ላይ ከላይ ያየናት ት ፈራጅ ሆና ትቀርባለች፦ የ«አነጸ» ንዑስ አንቀጽ «ማነጽ» ነው፤ ሦስተኛው ፊደል ጸ በቦታው ስላለ ት አይጨምርም። የ«አነጻ» ግን «ማንጻት» ነው። በእጅ ጽሑፍም ሆነ በኅትመት «ራሱን ለማነጽ» እና «ራሱን ለማንጻት» ተቀያይረው ከተገኙ አርታዒው ከዐውዱ ሊያርማቸው ይገባል፤ አንዱ ስለ ዕውቀትና ስለ ምግባር ግንባታ፣ ሌላው ከነቀፋ ስለ መውጣት ይናገራል።

ሁለተኛው «ንስሐ» ነው። ንስሐ ያነጻል ተብሎ ስለሚሰበክ፣ «ንስሐ»ና «ንጽሕ» በጆሮ ስለሚቀራረቡም፣ አንድ ናቸው ብሎ መገመት ቀላል ነው። ነገር ግን እሳቱ ሰ እና ጸሎቱ ጸ በግዕዝ አንዱ በሌላው ቦታ የሚገቡ ድምፆች አይደሉም፤ ጸ ሰ ሆነ ለማለት ሌሎች ተመሳሳይ ምሳሌዎች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱ ደግሞ የሉም። በቅኔ ሁለቱን ማጫወት የባለቅኔው መብት ነው። በምንጭ ጥናት ግን የትርጉም መቀራረብ ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፤ የድምፅ መቀራረብም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድነት፣ ሕግን ጠብቀው ሲገኙ ብቻ ነው ዝምድና የሚባለው።

ወደ እህት ቋንቋዎች አጭር ጉዞ

የግዕዝ ጸ ከዐረብኛው ሷድ፣ ፀ ከዷድ፣ ሐመሩ ሐም ከዐረብኛው ሓ ጋር ይገጥማል። ዐረብ አገር የኖረ ሰው በየማለዳው የሚሰማው «ሰባሐል ኸይር» የተባለው ሰላምታ ጽባሕ ከሚለው ቃላችን ጋር አንድ ሥር ያለው ነው፤ ሷዱም ሓውም በቦታቸው ናቸው። በዚህ ሚዛን «ነጽሐ»ን ብንመዝን በዐረብኛ ነሰሐ የሚለው ግሥ ይገጥመዋል፤ እርሱም ጠራ፣ ቅን ሆነ፣ ከልቡ መከረ የሚል ትርጉም አለው። በጥንቱ ዐረብኛ ናሲሕ የተባለ ማር ቅልቅል የሌለበት፣ ጥሩ ማር ነው። በቁርኣን 66ኛው ምዕራፍ 8ኛው አንቀጽ ላይ ነሱሕ የተባለው ተውበት ከልብ የሆነ ንስሐ ነው፤ የአገራችን ሙስሊሞች ለቅን ምክር «ነሲሓ» የሚሉትም ከዚሁ ነው። ግዕዙ ከእድፍ መጥራትን፣ ዐረብኛው ከሽንገላ መጥራትን ይዟል። በዕብራይስጥ እነዚሁ ሦስት ፊደላት ድልን፣ ዘላለምነትንም ይናገራሉ፤ ይህን ወደ ንጽሕና ለመጎተት ብዙ ብልሃት ያስፈልጋልና መተዉ ይሻላል።

ትርጉሙ የተጓዘበት መንገድ

ቅጾቹ ከተለዩ በኋላ ትርጉሞቹን በተራቸው መደርደር ይቀራል። የሚረዳው ጥያቄ «ከምን?» የሚለው ነው፤ «ነጻ» ሁልጊዜ «ከ» የሚል ነገር ይፈልጋልና።

ከለምጽ፣ ከርኵሰት ነጻ ሲባል መነሻው ላይ ነን። ከዚያ ወደ በደል ያልፋል። ጲላጦስ እጁን ታጥቦ ከጻድቁ ደም ንጹሕ ነኝ ሲል፣ እጁ የታጠበው በውሃ ቢሆንም የሚናገረው ስለ ፍርድ ነው፤ በአንድ ድርጊት ውስጥ ሁለቱም ትርጉሞች አብረው ይታያሉ። ከዚህ በኋላ መንገዱ ቀላል ነው። በደል ያልተገኘበት ሰው ተይዞ ከነበረበት ይለቀቃል፤ ዛሬም ተከሳሽ በነጻ ተሰናበተ፣ ነጻ ወጣ ይባላል፤ በዚህ አነጋገር ንጹሕ መሆኑና መለቀቁ ገና አልተለያዩም። ቀጥሎ ከበደል ጋር የማይገናኝ ግዴታ ሁሉ በ«ከ» ቦታ ይገባል፦ ከቀረጥ ነጻ፣ ከክፍያ ነጻ፣ ከሥራ ነጻ። በመጨረሻ «ከ» ራሱ ይወድቅና ነጻ ሰው፣ ነጻ አገር፣ ነጻነት ይቀራል።

ይህ የመጨረሻው ትርጉም የግዕዝ እንዳልሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ግዕዝ ባሪያ ያልሆነውን አግዓዚ፣ ነጻነትን ግዕዛን ይላል እንጂ በ«ነጽሐ» አይጠቀምም። ስለዚህ በጥንት የግዕዝ ጽሑፍ ውስጥ «ንጹሕ»ን ያገኘ ተርጓሚ ዛሬ በምናውቀው «ነጻ» ቢተረጕመው ጽሑፉን ያልጻፈውን ያናግረዋል። ትግርኛም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ ናጽነት የሚለው ቃሉ ከነጻነት ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ለተርጓሚ የሚተርፈው

ይህ ሁሉ ልፋት ጥቅም የሚሰጠው አንድ ሰው የጤና መመሪያ ወይም የኬሚካል አደጋ ማስታወቂያ ወደ አማርኛ ሲመልስና ብክለት ማስወገድን በአንድ ግሥ መናገር ሲፈልግ ነው። ግሦቹን በሚያስወግዱት ነገር ለይቶ መያዝ ይበጃል። በዐይን የሚታይ ቆሻሻ የሚነሣ ከሆነ ማጽዳት፣ በውሃና በሳሙና ከሆነ ማጠብ፣ በወንፊት፣ በጨርቅ ወይም በአሸዋ አሳልፎ ከሆነ ማጣራት ይባላል። ተህዋሲያን መራባት እንዳይችሉ ማድረግ ከሆነ ማምከን ጥሩ ቃል ነው፤ ሥሩ «መከነ» ነው፤ መካን የምንለውም ከእርሱ ስለወጣ፣ ነገሩ ባለበት ሆኖ ፍሬ እንዳያፈራ መደረጉን በትክክል ይናገራል። ፈንጂ ማምከን የሚባለውም በዚሁ አሳብ ነው። በዚህ ረገድ ማምከን ከማጽዳት የሚለይበት ነጥብ ግልጽ ነው፤ የጸዳ ቢላዋ ያልመከነ ተህዋስ ሊኖርበት ይችላል፤ ተህዋሱ የመከነበት ዕቃም ላይ ላዩን የቆሸሸ ሊሆን ይችላል። አንዱን ግሥ በሌላው ቦታ ያስገባ መመሪያ አንባቢውን ለጉዳት ያጋልጣል።

መርዛማ ኬሚካል ወይም ጨረር ያለበት ነገር በልብስ ወይም በቆዳ ላይ ሲቀር ግን ከእነዚህ አንዱም ብቻውን አይበቃም፤ ኬሚካል አይመክንም፤ ጨረር የሚያመነጭ ብናኝም ቢታጠብ ወደ እጣቢው ይዛወራል እንጂ አይጠፋም። እንዲህ ባለ ቦታ «ከብክለት ማንጻት» ማለት ይቻላል፤ ግሡ «ከ»ን በተፈጥሮው ስለሚጠራ፣ ሰውየው ከሌሎች ተለይቶ ቆይቶ ሲነጻ ወደ ሰው መመለሱንም ስለሚያመለክት፣ ከኬሚካል አደጋ በኋላ ከሚደረገው ሥራ ጋር ይገጥማል። ነገር ግን በብዙ አንባቢ ጆሮ ቃሉ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ አለው። ለሙያተኞች በሚጻፍ ሰነድ ውስጥ አንድ ጊዜ ተተርጕሞ ከተቀመጠ በኋላ ሊሠራበት ይችላል፤ በመንደር ለሚለጠፍ ማስታወቂያ ግን «ልብስዎን አውልቀው በፌስታል ይቋጥሩ፤ ሰውነትዎን በብዙ ውሃ ይታጠቡ፤ እጣቢው ወደ ወንዝ እንዳይገባ ያድርጉ» ብሎ ድርጊቱን በስሙ መጥራት ከማናቸውም ነጠላ ግሥ ይበልጣል።

ያገኙትን ሲመዘግቡ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ገጽ ይስጡት፤ ከላይ ሥሩን በትክክለኛ ፊደሉ፣ ቀጥሎ ከግዕዝ የተገኘበትን ቦታ፣ ከዚያ የድምፅ ለውጡን ከሌላ ቢያንስ አንድ ተመሳሳይ ምሳሌ ጋር፣ ከታች ደግሞ መስለው የተገኙትንና የተጣሉበትን ምክንያት ይጻፉ። የተጣሉትን መመዝገብ ብዙዎች ይዘሉታል፤ ሌላ ሰው ያንኑ «ንስሐ» ወይም ያንኑ «አነጸ» ይዞ ሲመጣ የሚያስፈልገው ግን ይህ ክፍል ነው።